የአባቴ ጆሮ

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ሠርግ ወደ ማንኩሳ ስሄድ ፍኖተ ሰላም ላይ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ጥላ ፍለጋ ከአንዲት ቤት ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ከጓሮው ሽታ መጣ፤ ጌሾ፣ የተቆላ የዳጉሳ እንኩሮ፣ በእሳት የሚደርቅ ጭቃ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ወጣት ሴት ብቅ ብላ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«እኔስ ደኅና ነኝ፤ ድፍድፍሽ ሊያርርብሽ ነው። እሳቱን ቀንሺው» አልኳት።

ደንግጣ ሮጠች። እውነትም እያረረባት ነበር። ይህን ሙያ የተማርኩት ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ወይም ከሞላኝ በኋላ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገረው።

ጥልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠራ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ነው። ፍኖተ ሰላም ይህ ስሙ እንኳ ገና አልወጣለትም ነበር። የኛ ቀዬ ከማንኩሳ ወደ ብር ወንዝ ሲወርዱ ነው። የጥልያን ወታደር ከመንገድ ርቆ ወደኛ መዝለቅ አይደፍርም፤ አርበኞች ጫካው ውስጥ ነበሩና። ወደኛ የሚመጣው አይሮፕላኑ ነው። በክረምት ደመናው ይሸፍነናል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ይመጣል። በሌላ ዓመት መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ያን ዓመት እናቴ አደይ አበባ ባየች ቁጥር ፊቷ ይጨልም ነበር። እኔ እናቴ አበባ የምትጠላ መስሎኝ ለእንቁጣጣሽ የለቀምኩትን ከቤት ኋላ ወስጄ ጣልኩት።

አባቴ ደምሴ ከሽሬ ዘመቻ በፊት በንብ የታወቀ ሰው ነበር ይላሉ። ባዶ እጁን ቀፎ ውስጥ ከትቶ ማር ይቆርጥ ነበር አሉ። እኔ ያንን ሰው አላስታውሰውም። የማስታውሰው የተመለሰውን ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከአበጀ ጋር ሄዶ ብቻውን መጣ። በመጣ በሳምንቱ በጓሯችን የነበሩትን ቀፎዎች በሙሉ አውርዶ ለጎረቤታችን ለአያ ካሳ ሰጣቸው። የአያ ካሳ ሚስት እቴቴ ጥሩዬ፣ «ኧረ ደምሴ፣ ወንድምህን በማር ላስታውሰው ብትል ይሻልህ ነበር» ብትለውም አንድም ቀፎ አላስቀረም። ሰዉ ሐዘን ነው አለና ተወው።

የጆሮው ነገር የታወቀው በመስቀል ሰሞን ነው። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተቀምጧል። አባቴ ድንገት ብድግ ብሎ አንገቱን ወደ ቡሬ አዞረና «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም። ግን አጯጯሁ የሚያስቀምጥ አልሆነም፤ ተያይዘን ወደ ብር ወንዝ ገደል ወረድን። ዋሻው ውስጥ ገብተን፣ ሽማግሌዎቹ ተደግፈው ደርሰው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነው እኛ የሰማነው። ሁለት ጎጆና የቅጽሩን ድንጋይ አፍርሶ ሄደ። አንድ ሰው አልሞተም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የቀዬው ጆሮ ሆነ። «ደምሴ፣ ዛሬ ገበያ እንውጣ ወይስ እንቅር?» እያሉ ይጠይቁታል። ደቦ ሲኖር ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡትና እነሱ ያጭዳሉ፤ የሱን ድርሻ ያጭዱለታል። እኔም በልጆች መካከል አንገቴ ረዘመ። «አባትሽ እንዴት ነው የሚሰማው?» ሲሉኝ «ጆሮው ትልቅ ስለሆነ ነው» እላለሁ። ትልቅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጆሮ አይሮፕላን በማይመጣበት ቀን ምን ሲሰማ እንደሚውል ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አረቄው ልመለስ። እናቴ አረቄ ማውጣት የጀመረችው አባቴ ዘመቻ ሲሄድ ነው። በሬ የሚጠምድ ወንድ በሌለበት ቤት ሌላ ምን ይደረጋል? የኔ ሥራ ምድጃው ዳር መቀመጥ ነበር። ድፍድፉ ያለበት ጋን አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ አንድ መቃ ወጥቶ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠው እንስራ ይገባል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ እንስራው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እኔ የገንዳው ውሃ ሲሞቅ እቀይራለሁ፣ እሳቱን እጠብቃለሁ፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ ቶሎ ብዬ እመርጋለሁ። ጭቃ መምረግ እወድ ነበር። እናቴ «የስመኝ ጭቃ አይሰነጠቅም» ብላ ለሰው ስትናገር የሚሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም።

አባቴ መጀመሪያ ለእንቅልፍ ነበር የሚጠጣው፤ አንዲት ትንሽ የቀንድ ዋንጫ ነበረችው። ከዚያ ለጧትም ሆነ። ጧት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የጫማውን ጠፍር እንኳ ማሰር አይችልም። ዋንጫዋን ሲጨርስ እጁ ይረጋል። እኔ አረቄ ማለት እንደ ቅቤ ያለ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፣ ይለሰልሳል፤ አባቴም ሌሊት ይደርቃል፣ ጧት ይለሰልሳል። እናቴ በዚህ ለምን እንደምትቆጣ አይገባኝም ነበር። ራሷ አውጥታ ራሷ ትደብቀዋለች።

በጥቅምት ነገሩ ተበላሸ። አበባው ፈክቶ የአያ ካሳ ቀፎዎች ከጧት እስከ ማታ ይጮሃሉ። አባቴ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ «መጣ!» ይል ጀመር። ሰዉ ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል፤ ሰማዩ ባዶ ነው። እንዲህ ሲደጋገም ሰዉ መሮጥ ተወ። ወጣቶቹ «ደምሴ ዝንብ ሰማ» እያሉ ይስቁበታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የሚባልበትን የማይሰማ እሱ ብቻ ነበር።

እቴቴ ጥሩዬ ግን ሁልጊዜ ትሮጣለች። ወፍራም ሴት ነበረች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እየሳቀች ወደ ገደሉ ስትወርድ አያት ነበር። እዚያ ብቻዋን ትንሽ ተቀምጣ እያለከለከች ትመለሳለች። ሰዎች ሲያፌዙባት «ሩጫ ለወገብ መድኃኒት ነው። እሱ ጮኾ ማንም ባይነሳለትስ? ሰው ነው እኮ» ትላለች። ስትመለስ በኛ ደጅ ታልፍና ለአባቴ «ደምሴ፣ ዛሬ ጥሩ አስሮጥከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። አባቴ የሚስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

ኋላ አንድ ቀን አይሮፕላን በእውነት መጥቶ በላያችን አልፎ ወደ ጫካው ሄደ። ያን ቀን አባቴ ጠጥቶ ተኝቶ ነበርና አልጮኸም። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ሰዉ በጣም ፈራ። ሲሮጥለት የነበረውም ሲስቅበት የነበረውም አንድ ላይ ሆነው «ጆሮውን አረቄ ዘጋው» አሉ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች የነፍስ አባታችንን መምሬ አድማሱን ይዘው ተቀመጡ።

መምሬ አድማሱ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ቄስ ነበሩ። «ደምሴ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

«ይገዝቱኝ፤ እኔም ሰልችቶኛል» አለ አባቴ።

እናቴ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ተነሳች። በጉባኤ ስትናገር ያየኋት ያን ቀን ነው። «መምሬ፣ ይህን ሰው ያመመው አረቄ አይደለም። ሲመጣ ታሞ ነው የመጣ። አረቄው ማስታገሻው ነው።»

«ልጄ፣ ማስታገሻውም ሌላ በሽታ ሆነበት እኮ» አሏት።

«አንዱን ሳይነቅሉ ሌላውን ቢነቅሉበትስ?»

 ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ሰዉ የሚፈልገው ጆሮውን ነበር። መምሬ ተነሥተው መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። እስከ ፋሲካ ለደምሴ አረቄ የቀዳ፣ የሰጠ፣ ያቀበለ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን አሉ። ግዝት የጣሰ ሰው ቁርባን የለውም፣ ቢሞት ፍትሐት የለውም፣ ጎረቤት ከሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቆርስም። አንዱ «ሕፃን ቢያቀብለውስ?» ብሎ ጠየቀ። «ሰባት ያልሞላው ሕፃን ግዝት አይዘውም፤ እናቱ ትጠብቀው» አሉ። እኔ እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ ይህን ሰማሁ።

እናቴ ዕለቱን ምድጃውን አጠፋች። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ እንስራ ዳግም፣ ሁለቴ የተጣራ አረቄ ብቻ ነበር። እሱም ለአያ ካሳ አባት ተዝካር ተብሎ የወጣ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ ከጎታው ኋላ የተቀመጠ የሰው ንብረት ነው።

በሁለተኛው ቀን እጁ ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፤ ውሃ ሲሰጡት ያስመልሰዋል። በአራተኛው ቀን እናቴ እኔን ደጅ አስቀምጣ «አባትሽን እይ» ብላ ግዝቱን ታስፈታ ዘንድ መምሬን ፍለጋ ሮጠች። ፀሐይ ከፍ እንዳለ አባቴ ጠራኝ። ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ ጋቢው ላይ ንብ ያያል። ንብ አልነበረም። ወደኔ መጣና ከጸጉሬ ላይ ንብ ይለቅም ጀመር፤ እንዳልነደፍ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ። ፈራሁት። ግን አንገቴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩለት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጭንቅላቴን ይነካኝ ነበር።

«አበጀ፣ ንብ ነው አልኩህ» አለኝ። «መንጋ ወጥቶ ነው፣ አትፍራ አልኩህ። ቆመን ቀና ብለን አየነው።»

ተከዜ ዳር፣ አይሮፕላን የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሁለት ወንድማማቾች ምን እንደሰሙ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ቀን የገባኝ አባቴ ሊሞት እንደሆነና መድኃኒቱ ከጎታው ኋላ እንዳለ ነው። ሊሰጠው የሚችል ሰው ደግሞ በቀዬው የለም፤ ሁሉም ተገዝቷል። ከሰባት በታች ካለ ሕፃን በቀር።

እንግዲህ ሒሳቤን ልንገራችሁ። ፍልሰታ ሲገባ እናቴ «ሰባት ሞልቶሻል፤ ዘንድሮ ትጾሚያለሽ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ከማጀት አይብ ሰርቄ በላሁ። አይብ ከበላሁ አልጾምኩም። ካልጾምኩ ሰባት አልሞላኝም። ደግሞ የነቢያት ጾም ትናንት ሲገባ እናቴ በአባቴ ጭንቀት «ጹሚ» ማለቱን ረስታዋለች። እሷም አልሞላትም ብላ ይሆናል ያልጠየቀችኝ። ይህ ለኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

ጭቃውን በጣቴ ፈልፍዬ ዋንጫዋን ሞላሁ። ሽታው ሲደርሰው ዓይኑ ወደኔ ተመለሰ፤ ስመኝ መሆኔን አወቀ። እጁን ግን አልዘረጋም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለኝ።

«ሰባት አልሞላኝም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዋንጫዋን በሁለት እጁ ያዘ። ከጠጣ በኋላ ላቡ ደረቀ፤ ንቦቹ ሄዱለት፤ ተኛ። እኔ ውሃና አፈር ለውሼ የእንስራውን አፍ መልሼ መረግሁ። እናቴ ጠበል ይዛ ብቻዋን ስትመለስ መምሬ «እስከ ሰባት ቀን ይታገሥ» ማለታቸውን እያለቀሰች ነገረችኝ። ገብታ አየችው። ተኝቶ ሲተነፍስ ብታይ በጉልበቷ ወድቃ ሚካኤልን አመሰገነች። እኔ ጭቃ የነካ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ እናቴ ውሃ ስትወርድ አንዲት ዋንጫ እሰጠዋለሁ። ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም። መብላት ጀመረ፤ የተሰበረ ሞፈር ጠገነ፤ «መጣ!» ማለቱም ቀነሰ። ቀዬው ሁሉ ግዝቱ ሠራ አለ። መምሬ አድማሱ በስብከታቸው ላይ አነሡት፤ ሰዉ ወደኛ ዞሮ ሲያይ እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ሚካኤልና እኔ ያዳንነው መሰለኝ። አንዷ ዋንጫ ሁለት የሆነችው አባቴ ጠይቆኝ አይደለም። ጧት ጧት ፊቱን አይና ራሴ እጨምር ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ የአያ ካሳ ጤፍ አጨዳ ደቦ ነበር። አባቴ ብዙ ሰው ባለበት መዋል ያስፈራው ነበርና ያን ጧት ሦስት ሰጠሁት። እንደ ድሮው ከማሳው በላይ ዋንዛ ዛፍ ሥር አስቀመጡት። ወንዶቹ ያጭዳሉ። እቴቴ ጥሩዬ ምግብ ይዛ መጥታ ነዶ ታቀብላለች፤ ዘፈን ታወጣለች፤ ወጣቶቹን ትሰድባለች። እኔ ውሃ አመላልሳለሁ። ቀትር ሲሆን አንድ ድምፅ ሰማሁ። ንብ መሰለኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የማፍርበት ነገር የለም፤ የማን ልጅ ሆኜ ንብ መሰለኝ?

እቴቴ ጥሩዬም ሰምታለች። ነዶውን ጥላ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰበሰበች፤ ልትሮጥ ነው። ግን ሰማይ አላየችም። ያየችው አባቴን ነው። እስኪጮህ ትጠብቀው ነበር። እኔም አየሁት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል። ቀሚሷን ይዛ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ አይሮፕላኑ ከጉብታው በላይ ብቅ አለ፤ ሌላው ሰው ያኔ ተበተነ፤ እሷ የመጨረሻዋ ሆነች። ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆሰሉ፤ ዳኑ። እሷን ያነሷት በአያ ካሳ ጋቢ ነው።

ከቀብሯ በኋላ ለብዙ ቀን መናገር አቃተኝ። እናቴ ደንግጣ ነው ብላ ጠበል አጠጣችኝ። የማስበው አንድ ነገር ነበር። አረቄ ጆሮ ይዘጋል፤ አረቄውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከዋንጫዋ ፊቱን አዞረ፤ እኔም መስጠቱን ተውኩ። በዚህ ጊዜ ያገኘው መንቀጥቀጥ ከበፊቱ ቀለል ያለ ነበር። ወይም እኔ ለማየት አቅም አጥቼ ነበር።

አርባዋ በጥር ዋለ። ለአያ ካሳ አባት ተዝካር ተብሎ የተቀመጠው አረቄ ለሚስቱ ሆነ። ዳስ ተጥሎ ሰው ሞልቷል። እናቴና አንዲት ሴት እንስራውን ከጎታው ኋላ ሲያነሱት ሴትየዋ ወዲያው አወቀች። ቀሎ ነበር። ዳሱ ውስጥ ጭቃው ተፈልፍሎ ሲታይ ከግማሽ በታች ነው።

የእቴቴ ጥሩዬ እህት ብድግ አለች። «በግዝት ላይ ለባሏ ስትቀዳ ከርማለች! እህቴን የበላቻት ይቺ ናት!»

ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ እንስራውን አየች፤ ከዚያ ጭቃውን አየች። የማን እጅ እንደመረገው ያወቀችው ያኔ ይመስለኛል።  አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ፈንጠር ፈንጠር ሲሉ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ስለነበረ ደግሜ ተናገርኩ። መምሬ አድማሱ አቀርቅረው አዩኝ። «ስመኝ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ለአባቴ የመለስኩት መልስ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣም። እናቴን አየኋት። በፍልሰታ «ሰባት ሞልቶሻል» ያለችኝ እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ «ሰባት አልሞላትም» አለች።

ያጠመቁኝ መምሬ ራሳቸው ነበሩ። ጣታቸውን አጥፈው ሲቆጥሩ አየሁ። መሃል ላይ ተዉትና እጃቸውን ጨበጡ። «አዎ፣ አልሞላትም» አሉ።

እህትየዋ ግን አልበረደችም፤ እንዴትስ ትበርድ! «ሞላትም አልሞላትም የሱን ጆሮ የዘጋችው እሷ ናት!» ብላ እሪ አለች። አንዳንዱ ሰው «እውነቷን ነው» አለ። እናቴ ልትይዘኝ ስትመጣ አባቴ ከወንዶቹ መካከል ተነሳ። ከቀብሩ ወዲህ በሰው ፊት ቆሞ አያውቅም ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሊደብቀው አልሞከረም።

«ጆሮዬን ማንም አልዘጋውም» አለ። «ሰምቻለሁ። ከሁላችሁ በፊት ሰምቻለሁ።»

 አያ ካሳ «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለው። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ከጧት ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ ካሳ። ትናንትም ሰምቼዋለሁ። በየቀኑ ነው የምሰማው። ስትስቁብኝ ጊዜ የቱ እውነት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የዚያን ቀኑም የራሴ ጆሮ ያመጣው ነው አልኩና ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ልጅቱን ተዉልኝ። እኔ ነኝ።»

አያ ካሳ ከዳሱ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ደም ሊቃቡ ነው ብሎ ፈራ። ያን ቀን ቤታችን ማንም አልመጣም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አያ ካሳ ቁርበት ይዞ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት፤ ገፋ አድርጓት አለፈ። ቁርበቱን ከአባቴ አጠገብ አንጥፎ ተቀመጠ።  ከዚያ አባቴ አንገቱን ወደ ቡሬ ሲያዞር አያ ካሳ «ምን ትሰማለህ?» አለው።

«አንድ ነገር።»

አያ ካሳ ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ። ተነሥቶ ወደ ራሱ ጓሮ ሄዶ ተመለሰ። «ንብ ነው» አለው። «ያንተው ንቦች ናቸው። ሄጄ አይቻቸዋለሁ።»

አባቴ አለቀሰ። አያ ካሳም አለቀሰ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ከዚያ ወዲህ አያ ካሳ በየቀኑ ይመጣ ነበር። እሱ ሲቀር መምሬ አድማሱ ሌላ ሰው ያስመጣሉ፤ አንዳንዴም ራሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ «ምን ትሰማለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ አብሮ ማዳመጥ፣ የሰሙትን መናገር። ነፋስ ነው፣ ወፍጮ ነው፣ ንብ ነው። ሁለት ጊዜ «እውነትህን ነው፣ መጣ» ተብሎ ሁላችንም ሮጠን ተርፈናል። ግዝቱንም መምሬ ፈቱትና እናቴን «ዋንጫዋን በየሳምንቱ እያሳነስሽ ስጪው» አሏት። አባቴ አረቄን ጨርሶ ተወ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተወም። ጥሩ ሳምንት ነበር፣ መጥፎ ሳምንት ነበር። ብቻውን ሲሆን ግን አንድ ቀንም አላየሁትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የመጀመሪያው ደመና ብር ወንዝ ላይ ሲወርድ፣ ሁለታችን ደጅ ተቀምጠን ነበር። ደመና ስላለ ሁላችንም ልባችን ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔ ከጥር ጀምሮ አንድ ጥያቄ ታቅፌ ከርሜያለሁ። ያን ቀን ማሳው ላይ ያየሁት ፊቱ ነገር እንደሰማ ሰው ፊት አልነበረም። ሦስት ዋንጫ እንደጠጣ ሰው ፊት ነበር።

«አባዬ» አልኩት። «እውነት ያን ቀን ሰምተው ነበር?»

 ጸጉሬ ላይ የወደቀ ገለባ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጣለ።

«አንቺስ ያኔ ሰባት ሞልቶሽ ነበር?» አለኝ።

«አልሞላኝም ነበር።»

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለ።